የትራፊው ሚዛን

ጥር 28
ሲኞራ ሊሊያና የሚጣለውን የምግብ ትራፊ ከረጢት፣ ኡሚዶውን፣ ዛሬም በኩሽና ሚዛን መዘኑት። ሁለት መቶ ግራም! የሽንኩርት ልጣጭና የቡና አተላ ብቻ። ቁጥሩን ፍሪጁ ላይ በለጠፉት ወረቀት ጽፈው ጉንጬን ሳሙኝ። «ምድር ታመሰግንሻለች፣ መዓዛ።»

ከዚያ ባላቸው ሲኞር ካርሎ የተውትን ግማሽ ላዛኛ ፊቴ አስቀመጡ። «መጣል ኃጢአት ነው...» በላሁ። ምን ላድርግ? እዚህ ቤት ከተቀጠርኩ ጀምሮ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው። ልጆቻቸው ከቤት ከወጡ ቆዩ፤ ድስቱ ግን አሁንም የአምስት ሰው ነው። የረቡዕና የዓርቡን ትራፊ እንኳ ሐሙስና ቅዳሜ እጨርሰዋለሁ። ኡሚዶው ሲቀል እኔ ከበድኩ። ቀሚሴ አልዘጋም ካለ ሰነበተ። እኔን ግን ማን ይመዝነኛል?

የካቲት 8
ቅበላ። ነገርኳቸው። ከነገ ጀምሮ ሃምሳ አምስት ቀን ሥጋ የለም፣ አይብ የለም፣ እንቁላል የለም...
አጨበጨቡ። «ብራቫ! ለምድር ብለሽ!»
«ለእግዚአብሔር ብዬ ነው፣ ሲኞራ።»
«ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ ያው ነው።»
ያው ነው እንግዲህ።

የካቲት 15
ኡሚዶው ሦስት ኪሎ ተኩል። የሚዛኑን ባትሪ ቀየሩ። አሁንም ሦስት ኪሎ ተኩል። ሲኞር ካርሎ ጋዜጣቸው ውስጥ ተደብቀዋል። እኔ ምስሬን እበላለሁ፣ ሳቄን አፍኜ።

የካቲት 17
ሳቄ ጠፋ። ዓርብ የሕንፃው ነዋሪዎች ይሰበሰባሉ። ሲኞራ ስለ «ምንም የማይጣልበት ቤት» ሊናገሩ ነው፣ ወረቀቱን ይዘው። ጠሩኝ። «እስከ ዓርብ ብቻ... ትንሽ ትንሽ ብትቀምሺ? እግዚአብሔር ሁኔታሽን ይረዳል።»

የጣሊያን መኖሪያ ፈቃዴን፣ ፔርሜሶዬን፣ ለማሳደስ የሳቸው ፊርማ ያስፈልገኛል። ቅጹን ከሰጠኋቸው ሳምንት አለፈው። ስለሱ ምንም አላሉም። ግን ያውቃሉ... ፈራሁ። «ነገ እነግርዎታለሁ» አልኩ።

የካቲት 18
ድስት እያጠብኩ ተናገርኩት።
«ሲኞራ፣ እስከዛሬ ትራፊው የት ይገባ የነበረ ይመስልዎታል?»
ኡሚዶውን አዩ። እኔን አዩ። ቀሚሴን አዩ።
«ትወጂው... መስሎኝ።»
«ጾሜን አልሽርም። ደግሞም እኔ ኡሚዶ አይደለሁም።»
ከኩሽናው ወጡ። አበቃልኝ። ምን አፌን አስከፈተኝ? ግን ደግሞ ቀለለኝ።

የካቲት 21
ሲኞር ካርሎ ናቸው የነገሩኝ። ትናንት ስብሰባው ላይ ሲኞራ ወረቀቱን አጥፈው፣ «ቤታችን ውስጥ ትራፊውን የምትበላልን መዓዛ ነበረች» ብለዋል። የፈረሙልኝን ቅጽም ጠዋት የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ አገኘሁት። አለቀስኩ።

ዛሬ ትንሿ ድስት ወጣች። በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ «አንቺስ ምን ትበያለሽ?» ተባልኩ። ምስር አልኩ። ራሳቸው ሠሩልኝ። አርሯል፣ ጨው የለውም። እንደምንም ግማሹን በልቼ ሳህኑን ገፋ አደረግሁት።

ሳህኑን አዩ። ኡሚዶውን አዩ።
«ምድር ታመሰግንዎታለች፣ ሲኞራ» አልኩ በመጨረሻ።
ማንኪያ አንስተው ጨረሱት።