ሶፋው የሰው ነው

ነሐሴ 9

የጥርስ ሐኪሙን ሶፋ ዛሬ ጨረስኩ። ቡናማ ቆዳ፣ ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ። የደከመውን ሞላ አውጥቼ በአዲስ ተካሁ፣ ስፖንጁን ቀየርኩ፣ ማሽን የማይደርስበትን ጠርዝ በእጄ ሰፋሁ። እንዲህ አድርጎ የሚሰፋ ሰው አሁን አለ? የለም። «የለም» ብለሽ ጻፊ።

የምትጽፈው ባለቤቴ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። እሷ በስተርጅና ማታ ማታ ተምራ መጻፍ ቻለችና፣ «እጄ እንዲፍታታ በየጊዜው ልጻፍ» አለች። ምን ልጻፍ ስትል፣ እኔ ልናገር አልኳት። «አንተ አፍህን ከከፈትክ ምን ደብተር ይበቃል?» አለች። ይሄንንም ጻፈችው... ጎሽ።

ሱቄ ጠባብ ናት። ያለቀ ሥራ ባለቤቱ እስኪወስደው ቤት ነው የሚቀመጠው። ሶፋውን ወደ ቤት ለማምጣት ሁለት ተሸካሚዎች ላብ በላብ ሆኑ። አሁን ሳሎናችን የትልቅ ሰው ቤት መስሏል። ባለቤቴን «እንዳትቀመጪበት» ብያታለሁ። ሌላ ቃል ነበር ያልኩት፤ እሱን አልጽፍም አለች።

ነሐሴ 14

ምላጭ ዩኒቨርሲቲ ገባች!

ምላጭ የልጄ ልጅ ናት። እናቷ ካረፈች ጀምሮ በእኛ እጅ አደገች። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ምላሷም ጭንቅላቷም ይቆርጣል። ወሬውን ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ላሉት ሁሉ ተናገርኩ፤ ለማላውቃቸውም ጭምር። ምን ላድርግ? አፌ አልዘጋ አለኝ።

ከእራት በኋላ ግን ጠየቅኳት። «ክፍያውስ?»

«ትምህርቱ አይከፈልበትም አባባ። የሚከፈለው ማደሪያውና ምግቡ ነው። ለእሱም ለአዲስ ገቢ ተማሪ ድጋፍ አለ፣ ሦስት ዓይነት። አንዱ የማይመለስ ነው፤ የቤተሰቡ ገቢ ለማይበቃው ተማሪ። አንዱ ብድር፤ ተመርቄ ሥራ ስይዝ የምከፍለው። አንዱ ደግሞ እዚያው ግቢ ውስጥ ሥራ መስጠት፤ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ መደርደር ምናምን።»

«የመጀመሪያው ልመና ነው። ሁለተኛው ዕዳ ነው። ሦስተኛውን ወድጄዋለሁ።»

«ሦስተኛው ብቻውን ከሳሙና አያልፍም።»

ምላጭ አላልኩም?

ለሁሉም አመልክታለች። የቤታችንን ኑሮ የሚያይ ሰው ይመጣል ብለዋታል። ይምጣ። ቤቴ የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

ነሐሴ 22

ከድጋፍ ቢሮ አንዲት ልጅ መጣች። ዩኒቨርሲቲው የከተማችንን አመልካቾች የሚያይበት ጊዜያዊ ቢሮ ከፍቷል፤ ከዚያ ነው የመጣችው። በእግሯ። ጫማዋ አቧራ ለብሷል። ምላጭ አልነበረችም፤ ለክረምቱ አንድ ሱቅ ገንዘብ ተቀባይ ሆናለች።

እንግዳ የት ነው የሚቀመጠው? ምርጡ ቦታ ላይ። የሐኪሙ ሶፋ ላይ አስቀመጥኳት።

«ሶፋው ሲያምር!» አለች።

«ያምራል እንጂ! እዚህ ቤት ተራ ነገር አይገባም።»

«የእናንተ ነው?»

«ታዲያ የማን ሊሆን ነው?»

ባለቤቴ ጎኔን ጎሸም አደረገችኝ። እኔ ደግሞ አንዴ ከጀመርኩ...

«ገቢያችሁ ይበቃችኋል አባቴ?»

«ይተርፋል የኔ ልጅ! እጄን ለማንም ዘርግቼ አላውቅም። ወደፊትም አልዘረጋም።»

ጻፈች፣ አመሰገነች፣ ሄደች።

ባለቤቴ እዚህ ላይ እስክሪብቶውን አስቀምጣ ነበር፤ አሁን አነሳችው። «‹የዚህን ወር ኪራይ ገና አልከፈልንም› ብዬ ልጻፍ?» አለችኝ። ጻፊ። ግን ያቺ ልጅ ምን አገባት? ሰው ገና ከመቀመጡ እንዲህ ይጠየቃል? እኔስ በልጅ ልጄ ዕድሜ ባለች ልጅ ፊት እንዴት ብዬ ነው «የለኝም» የምለው?

መስከረም 4

መልሱ በስልኳ መጣ። ምላጭ ቆማ አነበበችው። የቤተሰቡ አቅም በቂ ሆኖ ስለተገኘ የማይመለሰው ድጋፍ አልተፈቀደም ይላል።

«ብድሩስ?» አልኩ።

«ብድሩ መጽሐፍ ይገዛል። ማደሪያና ምግብ አይሸፍንም።» ደግማ አነበበችው። «እንዴት ነው በቂ ሆኖ የተገኘው?»

ባለቤቴ እኔን አየችኝ። እኔ ሶፋውን አየሁ። ሐኪሙ መንገድ ሄዶ ገና አልወሰደውም።

ነገርኳት። ምን አማራጭ አለኝ?

«የሐኪሙ ሶፋ ላይ አስቀመጥካት?» ብላ መጀመሪያ ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ተቆረጠ።

«ችግር የለም አባባ። የሱቁ ባለቤት በቋሚነት ሊቀጥረኝ ይፈልጋል።»

«የዩኒቨርሲቲ ቦታሽስ?»

«አይጠብቀኝም። ዘንድሮ ካልገባሁ ለሌላ ሰው ይሰጣል።»

«አቤት ማለት አይቻልም?»

«እስከ ሳምንት ድረስ ይቻላል። ግን ምን ብዬ? አያቴ ዋሽቷል ብዬ? አላደርገውም።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መስከረም 5

ሱቅ አልከፈትኩም። ምን እንድናገር ትፈልጊያለሽ? በቃ ይሄንኑ ጻፊ።

መስከረም 7

ሐኪሙ የጭነት መኪና ይዞ መጣና ሶፋውን ወሰደ። «እጅዎ ይባረክ» አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳምንት ሙሉ ደረቴን ነፍቼ እሄድበት ነበር።

ሶፋው እንደወጣ ኮቴን ለብሼ እኔም ወጣሁ። ቢሮው ድሮ መድኃኒት ቤት የነበረ ነው። መደርደሪያው አሁንም አለ፤ በመድኃኒቱ ፋንታ ፋይል ተደርድሮበታል። ወጣቱ ተሰልፏል፣ አንዳንዱ ከእናቱ ጋር። እኔም ተሰለፍኩ።

ከፊቴ ያለው ጎረምሳ ዞር ብሎ «አባባ፣ እርስዎም አዲስ ገቢ ነዎት?» አለኝ።

«አዎ! ምን ብማር ይሻለኛል?»

«ሕግ ይማሩ። ድምፅዎ ያለ ማይክራፎን ይሰማል።»

ሰልፉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ... ግን ምን ብዬ ልጀምር? እስካሁን እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

ተራዬ ደረሰ። ልጅቷ ወዲያው አወቀችኝ። «ይቀመጡ አባቴ።»

«አልቀመጥም። ጉዱን ያመጣው አንቺን ማስቀመጤ ነው።»

ቀስ ብሎ ማውራት አላውቅበትም። ያ ሁሉ ሰው እየሰማ ተናገርኩት። «ሶፋው የሰው ነው። እኔ ሶፋ አዳሽ ነኝ፤ ቤቴ የሚታየው ያማረ ነገር ሁሉ የሰው ነው። ገቢዬ አይተርፍም፤ አይበቃምም። ዋሽቼሻለሁ። እኔን ውሸታም ብለሽ ጻፊ፤ ልጅቷን ግን በእኔ ጥፋት አትቅጪብኝ።»

ሰልፉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ፊቴ ሲግል ይታወቀኛል። ያኔ ከኋላዬ አንዲት እናት በቀጭን ድምፅ፣ «እኔም የጎረቤት ምንጣፍ አንጥፌ ነበር» አለች።

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ቀና ስትል ፈገግ ብላለች። «የሁለታችሁንም ቤት ነገ እንደገና አየዋለሁ» አለች።

መስከረም 8

መጣች። ሳሎኑ ባዶ። የራሴን ወንበር አቀረብኩላት፤ ጨርቁ ተተርትሮ ስፖንጁ ወጥቷል።

«እርስዎ ሶፋ አዳሽ ነኝ አላሉም እንዴ?»

«የማድሰው ለሚከፍል ነው። እዚህ ቤት የሚከፍል የለም።»

ሳቀች፤ ከዚያ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። ኪራዩ፣ መብራቱ፣ የባለቤቴ መድኃኒት፣ ሥራ የሚጠፋበት ወራት። የመጀመሪያውን ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ መለስኩ። ሁለተኛው ቀለል አለኝ። ሦስተኛውን ባለቤቴ ቀድማ መለሰች፤ ከዚያ ወዲያ እኔን ማን ያስወራኛል?

በር ድረስ ሸኘኋት። «ውሸታም ብለሽ ጻፍሽኝ?»

«‹ሶፋውን ባለቤቱ ወስዶታል› ብዬ ነው የጻፍኩት» አለች።

የማን ልጅ ናት? ያሳደጋት ሰው የተባረከ ይሁን።

መስከረም 16

ተፈቀደ! በትልቁ ጻፊው። ተፈቀደ!

ማደሪያዋ፣ ምግቧ፣ በየወሩ ለኪሷ ትንሽ ነገር። የማይመለስ። ብድሩ ለመጽሐፍ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥም በሳምንት ሁለት ቀን ሥራ ሰጥተዋታል። ምላጭ አነበበች፤ ባለቤቴ ከእጇ ቀምታ ራሷ አነበበች፤ እኔ ሁለቱን አየሁ።

«ማን ነው የሚከፍለው?» አልኩ። ማንን እንደማመሰግን ላውቅ ነዋ።

«ከግብር የተዋጣ ነው። አንተም ለሱቅህ ግብር ስትከፍል አዋጥተሃል።»

እኔም አለሁበት? ታዲያ ያኔ አትነግሪኝም ነበር! ይሄን ሁሉ ቀን አንገቴን ደፍቼ የሄድኩት በከንቱ ነው ማለት ነው?

ለማመስገን ቢሮ ሄድኩ። ልጅቷ የምትቀመጥበት ወንበር ስፖንጁ አልቆ እንጨቱ ይወጋል። «ወስጄ በነፃ አድሼ ላምጣልሽ» አልኳት። «አይቻልም አባቴ፤ ከተማሪ ቤተሰብ ስጦታ መቀበል ክልክል ነው።» ጎበዝ። እንዲህ ያለ ሰው ያብዛልን። «ወንበሩ ግን ያሳዝናል» ብያት ወጣሁ።

ባለ ምንጣፏን እናት በሩ ላይ አገኘኋት። የእሷም ልጅ ተፈቅዶለታል። ስሟን እንኳ ሳላውቅ እንደ ዘመድ ተቃቀፍን።

መስከረም 25

አውቶቡስ ላይ አሳፈርናት። አላለቀስኩም። ባለቤቴ «አልቅሷል» ብላ ልትጽፍ ትላለች። አትጻፊ።

ጻፈችው መሰለኝ።

ጥቅምት 11

ምላጭ ደወለች። የመኝታ ክፍሏ ጓደኛ ታንኮራፋለች አሉ። ቤተ መጻሕፍቱ መስኮት አጠገብ አሪፍ ቦታ አግኝታለች። ሒሳብ ከብዷታል፤ ግን «አልለቀውም» ትላለች። የኪስ ገንዘቡም በቀኑ ገብቶላታል። እግዜር ይስጣቸው።

ከዚያ፣ «አባባ፣ ሌሊት ይበርደኛል። ያመጣሁት ብርድ ልብስ ስስ ነው። ወፍራም ላክልኝ» አለች። እንዲሁ፣ ሳትሽኮረመም።

«‹ላክልኝ› አልሽ?» አልኩ።

«ምነው? ከበደህ እንዴ?»

«ኧረ ደስ ብሎኝ ነው።»

«እኔን ሲበርደኝ አንተን ደስ ይልሃል?»

እንዴት ብዬ ላስረዳት? እናቷ ታማ ስትማቅቅ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» እያለች ነው ያለፈችው። ከማን እንደተማረችው አውቃለሁ። እዚህ ቤት ውስጥ አፉን ሞልቶ ጎደለኝ ያለ ሰው ይቺ የመጀመሪያዋ ናት። ነገ በጠዋት ገበያ ወርጄ ወፍራሙን እገዛለሁ። ጠርዙን እኔ ራሴ እሰፋዋለሁ፤ የሱቅ ስፌት አላምንም።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ባለቤቴን፣ «አንቺስ?» አልኳት።

«እኔ ምን?»

«ምን ይጎድልሻል?»

አንገቷን ደፍታ ጻፈች። የምላትን እየጻፈች መስሎኝ ነበር፤ እኔ ግን ጻፊ ያልኳት ነገር የለም።

«ምንድን ነው የጻፍሽው? አንብቢልኝ እንጂ!»

ደብተሩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ፣ ራቅ አድርጋ፣ እንደገና አስጠግታ አነበበችልኝ።

መነጽር።