በእፍኝ ያልሽኝ ገብስ

ሳጉሬ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርሽ ባለቤቴ ለፀዲ
ሮቤ

እንደምን ሰንብተሻል? እናትሽ እትዬ አሰፋችስ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? እኔ ደህና ነኝ፣ ደህና ከተባለ። ስልኬን እንደማታነሺ ስለማውቅ አልደወልኩም። ይቺን ወረቀት የሮቤ ሚኒባስ የሚነዳው ሙንተሲር ያደርስልኛል። መቅደድሽ ካልቀረ አንብበሽ ቅደጂያት።

ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። በጎችሽ ሞቱ። ሦስቱ ሙክቶችና በጡጦ ያሳደግሽው ጥቁሩ ጠቦት። የቀረችው እናትሽ ለሰርጋችን የሰጡሽ ዳለቻ በግ ብቻ ናት። የገደልኳቸው እኔ ነኝ።

መስከረም ላይ ስትሄጂ በር ላይ ቆመሽ ያልሽኝን ታስታውሺያለሽ? «ሣህሌ፣ አንተ ወይ ትጠፋለህ፣ ወይ ታጥለቀልቀኛለህ። መሐሉን አታውቀውም» አልሽኝ። ከዚያ ነጠላሽን እያጣፋሽ፣ እንደ ሌላ ወሬ አድርገሽ፣ «ለበጎቹ ገብስ በእፍኝ ነው፣ ከእፍኝ እንዳታልፍ» አልሽ። የመጀመሪያው ንግግርሽ ስላናደደኝ ሁለተኛውን ብቻ የሰማሁ መስሎኝ ነበር። ለካ እሱንም አልሰማሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስንዴ ጭኜ አዳማ ወረድኩ። ሁለት ቀን ያልኩት ሳምንት አለፈው፤ አመሌን ታውቂዋለሽ። በጎቹን ጎረቤታችን አዴ ጠይባ ከራሷ በጎች ጋር ቃርሚያ ላይ ታውልልኝ ነበር። ስመለስ ምንም አልሆኑም፤ እንደተውኳቸው ናቸው። ግን ሥጋቸው አነሰብኝ። ለገና ሽማግሌዎች ይዤ፣ ሙክቶቹን አይሱዙ ላይ አስጭኜ፣ ከአሰላ የገዛሁልሽን ቀሚስ ይዤ እናትሽ ደጅ ልደርስ አስቤ ነበር። በዚያ ላይ ሳምንት ሙሉ ጥያቸው መክረሜ ከነከነኝ። አዲሱን ገብስ ሙሉ ጆንያውን ገንዳው ላይ ዘረገፍኩት። ጠቦቱ በትልልቆቹ መሐል መግባት ሲያቅተው ለብቻው በሳህን ሰጠሁት። ሲበሉ ቆሜ ሳያቸው ደስ አለኝ። ያጠፋሁትን ሳምንት በአንድ ምሽት የካስኩ መሰለኝ።

ጠዋት በረቱን ስከፍት ትልቁ ሙክት ሆዱ ተነፍቶ ተዘርሯል፣ ሁለተኛውም አጠገቡ። ሦስተኛው ራሱን ወደ ኋላ ቀልብሶ እግሮቹን ያወራጫል። ጠቦቱም እንደዚያው። ጠቦቱ እቅፌ ውስጥ ነው የሞተው።

ምርጥ ምርጦቹ ተለይተው ሲያልቁ እኛ ሰፈር ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ። ዓይን ነው። ማታ አዴ ጠይባ በአጥሩ ብቅ ብላ «ማሻአላህ፣ ፀዲ ብታያቸው ደስ ይላት ነበር» ብላኝ ነበር። ማሻአላሁን ረስቼ ዓይኗን አስታወስኩ። መንገደኛው ሁሉ እየሰማ «በዓይንሽ በላሻቸው» አልኳት። ሳምንት ሙሉ በጎቼን የጠበቀችልኝን ሴት። ሻሿን አስተካክላ ቤቷ ገባች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ የእንስሳት ጤና ባለሙያዋ ቢሊሱማ መጣች። «ምን በልተው ነበር?» ስትለኝ «ሣር» አልኳት። ዋሸሁ፣ ፀዲ። ጓንቷን አጥልቃ ትልቁን ሙክት ስትቀደው ሆዱ ገብስ በገብስ ነው። ቀና ብላ አየችኝና «ኦቦ ሣህሌ፣ የእርስዎ ሣር ገብስ ያፈራል እንዴ?» አለችኝ። ኩላሊቱን አውጥታ አሳየችኝ። እንደ ገንፎ ላልቷል።

የገደላቸው ባክቴሪያ ነው አለች። ከውጭ የመጣ እንዳይመስልሽ፤ በጤነኛ በግ አንጀት ውስጥም ይኖራል። አየር አይስማማውም። አየር ካገኘው ማደጉን ትቶ ቅርፊት ለብሶ አፈር ውስጥ ለዓመታት መተኛት ይችላል። አንጀት ውስጥ ግን አየር የለም፣ ሙቀት አለ፤ ቤቱ ነው። በጉ ሣር ሲበላ ለእሱ የሚደርሰው ጥቂት ነው፣ ባገኘው ይኖራል፣ ማንንም አይነካም። እህል በአንድ ጊዜ ሲዘረገፍ ግን ሆድ ሳይፈጨው ያለፈው ስታርች የሚሉት የእህሉ ዱቄት አንጀት ድረስ ይወርድለታል። ያን እያብላላ ጋዝ ያወጣል፣ ሻይ ፈልቶ እስኪጠጣ ድረስ ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል። ሲበዛ መርዝ ይለቃል፣ መርዙም በደም አድርጎ አንጎልና ኩላሊት ይገባል።

«ታዲያ ምርጦቹን ብቻ ለምን?» አልኳት። የዓይኑን ነገር ገና አልተውኩትም ነበር።

«ገንዳው ላይ ቀድሞ የሚደርሰው ማን ነው? ጉልበተኛው። አሮጊቷን ዳለቻ ገፍትረዋታል፤ ለዚያ ነው የተረፈችው» አለች። ጓንቷን እያወለቀች ደግሞ «ጥፋቱ የገብሱ አይደለም፤ በአንድ ጊዜ መሆኑ ነው። በእፍኝ ጀምረው ቀስ በቀስ ቢጨምሩላቸው ሆዳቸው ይለምደው ነበር» አለችኝ። አንቺ የተናገርሽ መሰለኝ። መቀመጫ ፈልጌ ተቀመጥኩ።

አዴ ጠይባ ዘንድ ስኳርና ዘይት ተሸክሜ ሄድኩ። አመል አይለቅም። ከደጃፍ አላሳለፈችኝም። «ስኳርህን ይዘህ ተመለስ። የሰደብከኝ መንገድ ላይ ነው፤ ይቅርታውንም እዚያው ጠይቀኝ» አለችኝ። በገበያ ቀን፣ ሰው እየወጣና እየገባ፣ በሯ ላይ ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኳት። ሰዎችም ቆመው ሰሙኝ። «ይቅር አልሽኝ?» ብላት «ነገ ዳለቻዋን ራስህ አሰማራት። ከነገ ወዲያም። ከዚያ እናያለን» አለች። ለአንቺም ራሴ እንድጽፍ ያዘዘችኝ እሷ ናት፤ እሷ ብትነግርሽ እኔን ያሳጣችኝ እንዳይመስል ፈርታ ነው። ከዚያ ሁሉ በኋላ ለእኔ ማሰቧ ይባስ አሳፈረኝ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እኔስ የምለቅመውም የለኝ።

ሽማግሌዎቹን አሰናብቻለሁ። ለገና አልመጣም። ቀሚሱንም ለባለሱቁ መልሼዋለሁ። ከበዓሉ በኋላ ባለው የሮቤ ገበያ ቀን በሙንተሲር ሚኒባስ እመጣለሁ፤ ብቻዬን፣ ባዶ እጄን። ከእናትሽ አጥር ውጭ ካለችው ሻይ ቤት እቀመጣለሁ። ብትወጪ አንድ ሻይ አብረን እንጠጣለን፣ ከዚያ እመለሳለሁ። ባትወጪም ብቻዬን ጠጥቼ እመለሳለሁ። በሚቀጥለውም ገበያ እንደዚያው። እስከ መቼ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፤ እኔም አላውቀውም።

ዳለቻዋ ደህና ናት። ጠዋት ጠዋት ራሴ አሰማራታለሁ። ማታ ድርቆሿን ትበላና ከመዳፌ አንድ እፍኝ ገብስ እሰጣታለሁ። እሱን ጨርሳ እጄን እየላሰች ጨምርልኝ ብላ ታየኛለች። ጎተራው ሙሉ ነው፣ ልቤም ጨምርላት ይለኛል። የጎተራውን በር እዘጋና አጠገቧ እቀመጣለሁ።

ለእትዬ አሰፋች ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በያቸው። ለእሳቸው እርጅናውን ያቅልላቸው፤ ለአንቺም እንቅልፍሽን ሰላም፣ ቀንሽን ቀና ያድርግልሽ።

ሣህሌ