በኢዮብ ልጆች ምክንያት ስለተለያዩት ሁለት ወንበሮች

ለተከበሩ የኩላሊት እጥበት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም የተሟላ ጤና እየተመኘሁ፣ በተለይ ሁለቱን ኩላሊቶችዎን ይጠብቅልዎ እላለሁ። ማን እንደሚጠብቅልዎ ግን አላነሳም፤ እንዲህ ያለውን ጥያቄ በክፍልዎ ውስጥ ማንሳት ክልክል መሆኑን በመጠበቂያው አዳራሽ ሰሌዳ ላይ ካስለጠፉት ማስታወቂያ ተረድቻለሁና። ማስታወቂያዎ ብቻውን እንዳይሆንም የዚህን ደብዳቤ ቅጂ ከጎኑ ለጥፌያለሁ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ራሴን ላስተዋውቅ። ሠላሳ ዓመት ሊፍት ስጠግን የኖርኩ፣ እግዚአብሔር አለ ብዬ ለማመን ብዙ ሞክሬ ያልሆነልኝ፣ ሆኖም መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር አንብቤ፣ የሚከራከረኝ ሰው ካገኘሁ ምሳዬን የምረሳ ሰው ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ጠዋት በወንበር ቁጥር ሰባት ላይ ተቀምጬ ደሜን አሳጥቤአለሁ። በስምንት ቁጥር ላይ የሚቀመጡት ደግሞ አርባ ዓመት ለሕፃናት ቅዱሳት መጻሕፍትን ያስተማሩ እናት ናቸው። እኔ እትዬ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ቶማስ የሚል ስም አውጥተውልኛል። አራት ሰዓት ሙሉ አንድ እጃችን ከቱቦ ጋር ታስሮ ስለሚውል በቀረን ነገር፣ ማለትም በአፋችን፣ ተጠቅመናል። ወቅቷ ሳይደርስ ፍሬ አልሰጠሽም ተብላ የተረገመችው በለስ ጥፋቷ ምን እንደሆነ አንድ ሳምንት ተሟግተናል። ወንበዴው ሳይጠመቅ ገነት የገባበትን ጉዳይ ባነሳሁ ቀንማ ማሽኑ ጨረስኩ ብሎ ሲጮህ ሁለታችንም አልሰማነውም።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ተራው የኢዮብ ነበር። አሥር ልጆቹ በአንድ ቀን ያለቁበት ሰው በመጨረሻ ሌሎች አሥር ስለተወለዱለት ተካሰ የሚባለው በምን ሒሳብ ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። ልጃቸው፣ በቤተ ክርስቲያናቸው የተከበረ አገልጋይ የሆነው፣ እናቱን ሊወስድ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ኖሮ ይህን ሰማ። እርሱ ከመወለዱ በፊት እናቱ ሁለት ልጆች መቅበራቸውን እኔ አላውቅም ነበር፤ እርሱ ያውቃል። መልሳቸውን ሳይሰማ በቀጥታ ወደ ቢሮዎ ሄደ። በማግስቱ ፈረቃዬ ወደ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከሰዓት መዛወሩን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰኝ። ስለሆነም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። የእጅ መታጠቢያው ቧንቧ እንዲጠገን ካመለከትን ስድስት ወር ሆኖታል፤ እኔ ልጠግነው ብልም ጉዳዩ በኮሚቴ ይታያል ተብያለሁ። እኔን ለመንቀል ግን አንድ ማለዳ በቃዎት። ዕድሜ ይስጥዎ፣ ቢሮዎ መሥራት እንደሚችል በዓይኔ አየሁ።

፪. በክርክር ሰዓት የታካሚዋ የደም ግፊት ከፍ እንደሚል በካርዳቸው ተመዝግቧል ሲሉ በደብዳቤዎ ጠቅሰዋል፤ ካርዱን ስላነበቡ አመሰግናለሁ። አንድ ገጽ ወደ ኋላ ቢገልጡ ኖሮ፣ የእትዬ ችግር የግፊት መጨመር ሳይሆን መውረድ እንደነበር፣ ሦስተኛው ሰዓት ላይ ራሳቸውን እየሳቱ እጥበቱ ሳያልቅ ስንት ጊዜ እንደተቋረጠ ባገኙት ነበር። ክርክራችን ግፊታቸው እንዳይወርድ ስለያዘላቸው ነርሷ ያንን ቁጥር የጻፈችው ደስ ብሏት ነው። እርስዎ የምሥራቹን እንደ ክስ አነበቡት።

፫. የታካሚዋን ሰላም ስለጠበቁላቸው አመሰግናለሁ፤ እሳቸውን ግን አልጠየቋቸውም፣ ስለዚህ የተባለውን እኔ ልንገርዎ። ያን ጥያቄ ስጠይቃቸው ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ከዚያም፦ «ሁለት ልጅ ቀብሬያለሁ። ይኸኛው ሲወለድ አገሩ ሁሉ እግዜር ካሰሽ አለኝ። በእውነት ካሰሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ግን በሃምሳ ዓመት አንተ የመጀመሪያው ነህ» አሉኝ። ምላሴን ብቆርጠው በወደድኩ። እሳቸው ግን ዕንባቸውን ጠርገው ያስተምሩኝ ጀመር። የኢዮብ በጎችና ግመሎች እጥፍ ሆነው ሲመለሱ ልጆቹ ያው አሥር ብቻ የሆኑት፣ የፊተኞቹ አሥር ስላልጠፉና ከእግዚአብሔር ዘንድ ስላሉ ነው፤ «የእኔም ሁለቱ አልተተኩም፤ እዚያው አሉ እንጂ» አሉኝ። አላመንኳቸውም፤ እንደማላምንም ነገርኳቸው። እንዲያውም ሳቁና ሐሙስ እንገናኝ ተባብለን ተለያየን።

፬. እዚህ ላይ ምስጋናዬ አለቀ። ሐሙስ መጥተው ሰባት ቁጥር ላይ የማያውቁትን ሰው አገኙ። ቅዳሜ ቀሩ። ትናንት ማክሰኞም ቀሩ። እኔ አንድ ቀን የቀረሁ ጊዜ እግሬ አብጦ ጫማ እምቢ ብሎኝ፣ ሌሊቱን ተቀምጬ ስተነፍስ አድሬያለሁና ሁለት ቀን መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ሐኪም ሊያስረዳኝ አያስፈልግም። ዛሬ ከሰዓት ያ የከሰሰኝ ልጃቸው ወንበሬ ድረስ መጣ። እናቱ ፊታቸው አብጧል፤ «ሰው ሁሉ ዕረፊ ሲለኝ አንድ ሰው ብቻ ንገሪኝ አለኝ፣ እሱንም ወሰዳችሁብኝ፣ አልሄድም» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል። ቂም ይዞ ጸሎት የለም ይባላል፤ እኔ ጸሎቱ ስለሌለኝ ቂሙን ብይዝ የሚከለክለኝ አልነበረም። ነገር ግን ሰውየው ጉልበቴን ሊይዝ ሲያጎነብስ አስደነገጠኝ፤ አብረን አለቀስን።

ወደ ቀድሞው ወንበሬ ለመመለስ፣ ስለ ሃይማኖት ጉዳይ ከማንኛውም ታካሚ ጋር ቃል እንደማልተነፍስ ግዴታ መፈረም እንዳለብኝ ጸሐፊዎ ነግራኝ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ በኩራት አልፈርምም ስል ከረምኩ። የኩራቴን ዋጋ የሚከፍሉት እሳቸው መሆናቸውን ያወቅሁት ዛሬ ነውና ያፈርኩት በእርስዎ ብቻ አይደለም። እነሆ ፈርሜ አያይዣለሁ። የሰባት ቁጥርን አዲስ ታካሚም ቀን እንድንለዋወጥ በስልክ ለምኜው እሺ ብሎኛል፤ የቀረው የእርስዎ አንድ ፊርማ ነው። ነገ ሐሙስ ነው። ጉዳዩ ለኮሚቴ ይቅረብ ቢሉ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን እፈራለሁ። ክቡር ሆይ፣ በጣም ፈርቻለሁ።

ባለሁለት ኩላሊቶችን ሁሉ አጥብቄ የማከብር፣ አፌን በገዛ ፊርማዬ የዘጋሁ፣ የወንበር ቁጥር ሰባት የቀድሞ ተቀማጭ፣
ሊፍት ጠጋኙ

ማስታወሻ፦ ልጃቸው ያንኑ የግዴታ ቅጽ ለእናቱም ወስዶላቸው ነበር። እትዬ አልፈረሙም፤ ወረቀቱን ገልብጠው በጀርባው ለእርስዎ አንድ ጥያቄ ጽፈዋል። በመጽሐፈ ኢዮብ መጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው ሲሟገተው በከረመው በኢዮብ ላይ ነው ወይስ ለእግዚአብሔር ጥብቅና ቆመው ኢዮብን ዝም ሊያሰኙ በደከሙት ወዳጆቹ ላይ? እርስዎ እኔን ከመለሱኝ እሳቸው ነገ ጠዋት ስምንት ቁጥር ላይ ሆነው መልስዎን ይጠብቃሉ። እኔም አጠገባቸው እቀመጣለሁ፤ ፈርሜያለሁና ልረዳዎ ግን አልችልም።