ጋሼና አባባ

ወዳጄ ፀጉር አስተካካዩ፣ እንደምን ከርመሃል?

ይህ የበረሃ ገደል ከፀጉር ቤትህ ፊት ለፊት ያለውን ፎቅ ሳያላምጥ ይውጠዋል። ዛሬ በፓርኩ ቢሮ የነገውን የእግር ጉዞ ስናቅድ አስጎብኚዋ የሚስቴን ወንድም «ጋሼ፣ እርስዎ እስከ ሸለቆው ወለል ይወርዳሉ» አለችው። ወደ እኔ ዞራ ደግሞ «አባባ፣ እርስዎ ጥላ ሥር አረፍ ብለው ይጠብቁን» አለችኝ። እሱ እኮ ታላቄ ነው! በቅናት አንጀቴ አረረ። ከመምጣታችን በፊት ፀጉሩን ያጠቆርክለት አንተ ነህ። እኔንም «ልቀባህ?» ስትለኝ «ሽበት ክብር ነው» ብዬ ተቆጣሁህ። ዛሬም ቃሌን አላጥፍም፤ ነገ ባርኔጣዬን እስከ ጆሮዬ ደፍቼ ከእሱ ቀድሜ እወርዳለሁ።

የፖስት ካርዱ ቦታ ጠበበኝ፤ ለባለቤትህና ለልጆችህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ያን ቀለም ግን አትጨርሰው።