ከየት ወገን ቆሜ አየሁት

ኅዳር 3፣ ጠዋት 2፡00

የኬሚስትሪ ሥራዬን ስምንተኛ ደረጃ እንደገና ሣልኩ። ሦስተኛ ጊዜዬ። መስመሩ ሁሉ ተጣመመ። የላቦራቶሪ ደብተሬ፣ ከፊትህ የኬሚስትሪ ነህ፤ ከኋላህ ግን ከዛሬ ጀምሮ የንዴቴ ነህ። ሌላ ወረቀት የለኝም። ሕግህን አልጥስም፦ በእስክሪብቶ ይጻፋል፣ አይፋቅም፣ የተሳሳተው ላይ አንድ መስመር ተሰምሮ ይፈረማል።

ጌታነህ ከተቀበረ ስድስት ቀኑ። ታናሽ ወንድሜ። የገብስ ማሳችን ወሰን ላይ ጭንቅላቱን በፋስ አሉት። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ለአጨዳው መጥቼ፣ ያን ቀን ዘመሮ ገበያ ነበርኩ። ስደርስ ታጥቦ ተኝቷል። ጭንቅላቱን በነጠላዬ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ቁስሉ በቀኝ በኩል፣ ከጆሮው በላይ። ጣቴ ገባበት። ስድስት ቀን ሙሉ እታጠባለሁ፣ ያው ነው።

ገዳዩ ከወ/ሮ ብርቄ መንታ ልጆች አንዱ ነው። የጎረቤታችን ልጆች፣ በላይ እና ደረጀ። የመንደራችን ሰው አያ ወልዴ ከጉብታው ሆነው አንዱ ፋስ ይዞ ሲሮጥ አይተዋል። የቱ? ከሩቅ እናታቸውም አትለያቸውም። ፖሊስ ሁለቱንም ያዘ፣ ሁለቱንም ለቀቀ። ሁለቱም እኔ አይደለሁም ይላሉ። ውሾች!

ኅዳር 5፣ ከሰዓት

ጋሼ ሽፈራው ክላሹን ሲወለውል ዋለ። ታላቃችን ነው፤ ደሙን የሚመልሰው እሱ ነው። ማንኛቸውን ልትገድል ነው አልኩት። የቀደመኝን አለኝ። መልካቸውም አንድ፣ ደማቸውም አንድ፣ ምን ልዩነት አለው ይለኛል!

ጮህኩበት። ጎረቤት እስኪሰማ።

ሦስት ዓመት የደከምኩት ለምኑ ነው ታዲያ? ቀበሪቾን ሰው ሥሩን ይታጠነዋል። እኔ ሥሩ ውስጥ ካሉት ሞለኪውሎች አንዱን፣ ከተራ ነገር ተነስቼ፣ በአሥራ ሰባት ደረጃ እሠራለሁ። ጣጣው፣ ይህ ሞለኪውል መንታ አለው። እንደ ቀኝና ግራ እጅ። ሁሉ ነገራቸው እኩል፤ የአንዱ ጓንት ግን ለሌላው አይሆንም። ተክሉ አንደኛውን ብቻ ነው የሚሠራው። እኔም አንደኛውን ብቻ ማውጣት አለብኝ። ግማሽ በግማሽ ቀላቅሎ ማውጣትማ ማንም ያወጣል።

እንዲህ ብዬ ነገርኩት። አንዱን ብቻ! ትክክለኛውን! ንጹሑን ነክተህ የጌታነህን ደም አታርክስ አልኩት። ቆይ ታዲያ አንቺ ለይልኝ አለ። ሦስት ቀን ሰጠኝ።

ኅዳር 6፣ ጠዋት 4፡00

ያዝኩት!

ሽፈራውን ፊት ለፊቴ አቆምኩት። ማማሰያ በግራ እጄ ይዤ ሰነዘርኩ። የት አረፈ? በቀኝ ጆሮው በኩል። በቀኝ እጄ ሞከርኩ፤ በግራው። አሥር ጊዜ ደጋገምኩ፣ አሥሩም ያው። ጌታነህ የተመታው በቀኝ ነው። ስለዚህ የመታው ግራኝ ነው።

በላይ ግራኝ ነው። አገር ያውቃል። በደቦ አጨዳ ማጭዱ ጎረቤቱን እንዳይቆርጥ ሁልጊዜ ዳር የሚያቆሙት እሱን ነው። ደረጀ መሀል ይገባል።

ልጅ ሆኜ ት/ቤት ስሄድ፣ ወንዙ ሲሞላ በጀርባው አዝሎ የሚያሻግረኝ በላይ ነበር። አስታወስኩት። አልራራሁም። እንዲያውም ይበልጥ ጠላሁት።

ውጤት፦ በላይ ነው። አስካለ። (ፈርሜያለሁ።)

ሽፈራው ግንባሬን ሳመኝ። ትምህርትሽ ይባረክ አለ።

ኅዳር 9፣ ጠዋት

ሽማግሌዎች መጡ። ገዳዩ ይለይና በእርቅ ይለቅ፣ ድንጋይ ተሸክሞ እግራችሁ ላይ ይውደቅ አሉ። ሽፈራው ከደጅ መለሳቸው። እኔም አባባስኩት። ወንድሜን በድንጋይ አልለውጥም ብዬ አረፍኩት። አንደኛው ሽማግሌ፣ አንቺ ልጅ፣ የተማርሽ አይደለሽ እንዴ አሉኝ። አዎ፣ ተምሬ ነው!

እማዬ ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም።

ተነገ ወዲያ የወ/ሮ ብርቄ ደቦ ነው። ዳር የሚቆመውን ማየት ብቻ ነው።

ኅዳር 11፣ 5፡00

ሦስት ጥይት።

ከቤት ወጣሁ። ማሳው ላይ ሰው ይተራመሳል። ዳር የነበረው ወድቋል። ነዶው ላይ፣ በግንባሩ። ማጭዱ ግራ እጁ ውስጥ ነው፣ ጣቶቹን ማላቀቅ አቃታቸው። የወ/ሮ ብርቄ ጩኸት እዚህ ድረስ። ገብሱ ቀይ ሆነ።

እልል ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ጽፌዋለሁ፤ አልፍቀውም።

ሽፈራው ወደ ቆላው ወረደ፣ በመርሐቤቴ በኩል። ሲሄድ ይስቅ ነበር አሉ።

ኅዳር 12፣ 6፡00

ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጣሁ። ከአማካሪዬ ዶ/ር መልእክት። ከመምጣቴ በፊት የተውኩት ክሪስታል በኤክስሬይ ተነቧል። ስምንተኛው ደረጃ ላይ ያለው ካርቦን ተገልብጧል። የሠራሁት የቀበሪቾውን ሳይሆን መንታውን ነው። ምክንያቱንም ጽፈውልኛል፦ የካርቦኑን ቀኝና ግራ ሃይድሮጅኑ ወደኔ ዞሮ ሳለ ነው ያነበብኩት፤ ከኋላ ሆኜ ማየት ነበረብኝ። አይዞሽ፣ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ነው ይላሉ።

ከኋላ።

ስልኩ ከእጄ ወደቀ።

ከጉብታው ወደ አያ ወልዴ ቤት በሩጫ ወረድኩ። ሬሳው ዘንድ መጀመሪያ የደረሱት እሳቸው ናቸው። ጌታነህ እንዴት ነበር የወደቀው አልኳቸው። በደረቱ አሉ። ፊቱ አፈር ውስጥ፣ ሁለት እጁ የወሰኑን ድንጋይ እንዳቀፈ። የተነቀለውን ድንጋይ ወደ ቦታው ሊመልስ ጎንበስ ባለበት ነው የተመታው አሉ። ለምን አልነገሩኝም ብዬ ጮህኩ። ማን ጠየቀኝ ልጄ አሉ።

ቤት ተመልሼ ማማሰያውን አነሳሁ። ዱባ አስቀምጬ ከኋላው ቆምኩ። በቀኝ እጄ መታሁ። በቀኝ በኩል ተሰነጠቀ።

በቀኝ።

ደረጀ ነው። እኔ፣ ጌታነህን ታጥቦ ተኝቶ ብቻ ያየሁት፣ ፊት ለፊት ነበሩ ያለኝ ማን ነው? ማንም! ዱባውን ብን እስኪል ቀጠቀጥኩት። እማዬ መጥታ እጄን ያዘችኝ። ነገርኳት። በጥፊ መታችኝ፣ ከዚያ አቀፈችኝ፣ ከዚያ እንደገና መታችኝ።

ኅዳር 13፣ 9፡00

አያ ወልዴ ከቀብር ሲመለሱ ገቡ። ደረጀ መቃብሩ ውስጥ ዘሎ ገባ አሉ። በቀኝ እጁ ፊቱን እየቀጠቀጠ፣ የኔን ሞት ሞትክልኝ፣ ፋሱ የኔ ነበር እያለ። ስድስት ሰው ጎትቶ አወጣው። ሲያወጡት ግን ማለ፤ ከነሽፈራው ቤት ዘር አላስተርፍም ብሎ።

ያድርገው። አይ፣ አያድርገው። ሽፈራው ሦስት ልጆች አሉት። የመጨረሻዋ ገና አልተራመደችም።

ለሽፈራው ላኩበት፦ የገደልከው ንጹሑን ነው፣ ና ድንጋዩን ተሸከም። መልሱ መጣ። መንታ አይደሉ፣ ምን ልዩነት አለው።

ኅዳር 14፣ ጠዋት 1፡30

የኅዳር 6ን ገጽ ገለጥኩ። «በላይ ነው» የሚለው ላይ አንድ መስመር አሰመርኩ። ከሥሩ፦ ስህተት። ከፊት አየሁ። አስካለ። ቀን። ፊርማ። ቃሉ ከመስመሩ ሥር አሁንም ይነበባል።

ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄጄ ነበር። ድንጋይ የሚሸከመው ገዳይ ነው፣ ሴት ተሸክማ አናውቅም አሉ። ጣቴን የቀሰርኩት እኔ ነኝ፣ ሽፈራው ጥይቱን ብቻ ነው ያወጣው አልኳቸው። ደረጀ ይገድልሻል አሉ። ከፊት ከፊት እሄዳለሁ፤ ካላችሁ ተከተሉኝ፣ ካልሆነም ብቻዬን እሄዳለሁ አልኩ። ሁለቱ ተነሱ።

ማሳው ላይ ሄጄ የወሰኑን ድንጋይ አንስቼ አመጣሁ። ጌታነህ ያቀፈውን። በአንድ ጎኑ ጥቁር ደም ደርቆበታል። አላጠብኩትም።

ጫማዬን አወለቅሁ። ድንጋዩ አንገቴ ላይ እንዲሆን እማዬ ጠፍር እያሰረችበት ነው። ለወ/ሮ ብርቄ የምላትን ስንት ጊዜ ጻፍኩ፣ ስንት ጊዜ ሰረዝኩ። የምላት ይኸው ነው፦ ልጅሽን የመረጥኩት እኔ ነኝ።

ደብተሬ፣ እማዬ ጋ ትቆያለህ። አሰረችው። ልነሳ