ቤሌን ከመንደሩ አይወጣም

ፔኛሴካ፣ ዲሴምበር 16

ውድ ልጄ ቤሌን፣

እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ በብርዱ ያጉረመርማል፤ እኔ ግን ጆሮ አልሰጠውም። "አባዬ፣ የገናውን ምስሎች ለሙዚየሙ ስጥና እኔ ጋ ሮተርዳም ና" ያልሽውን አንብቤዋለሁ። ስምሽ የወጣበትን ቤሌናችንን አልሰጥም። አልመጣምም።

የሙዚየሙ ሰው ባለፈው ማክሰኞ ባዶ ሣጥኖች በመኪና ጭኖ መጣ። እኔና ጎረቤታችን ፌርሚና ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የድንጋይ ሽበት እያነጠፍን፣ የእናትሽን የልብስ አጣቢ ምስል ከሚያብረቀርቅ ወረቀት በሠራነው ወንዝ ዳር እያቆምን ነበር።

"አባባ ኤቬሊዮ፣ መንደሩ እኮ ባዶ ነው። ማን ሊያየው ነው?" አለኝ።

"ባዶ? እኔ ምንህ ነኝ፣ ምሰሶ?" አለች ፌርሚና።

እኔም "ስማ ልጄ፣ ቤሌን ስንል ቤተልሔምን ነው፤ ከተማ ነው እንጂ ዕቃ አይደለም። እዚህ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ሰው ምስል አስገብቶበታል። ዳቦ ጋጋሪው የነማርሲያል፣ ዓሣ አጥማጁ የነኦብዱሊያ። ቤታቸውን ዘግተው ሲሄዱ አደራ ብለውናል። የሰው አደራ በሣጥን አላሽግም" አልኩት።

ሳቀ። ከዚያ ፎቶ ላንሳ ብሎ የሕፃኑን ኢየሱስ ምስል ከተጠቀለለበት ጨርቅ ፈታና ግርግሙ ውስጥ አስተኛው።

"አንሳ እጅህን!" ጮኸች ፌርሚና። "ዋዜማው ሳይደርስ? ደግሞስ አንተ የማን ልጅ ነህና ነው የምታስተኛው?"

ሁከት ሲነሣ "ቤሌን ሆነ" እንል የለ? ያን ቀን እውነትም ሆነ። ሰውየው ባዶ ሣጥኖቹን ይዞ ሄደ።

በኋላ ስጸልይ ራሴን ጠየቅሁ፤ ይህ እምነት ነው ወይስ የሽማግሌ ግትርነት? ሁለቱም ሳይኖሩበት አይቀሩም። እግዜር ይለያቸው።

ሕፃኑን በዋዜማው የሚያስተኛው እዚህ ከተወለዱት ሁሉ ታናሹ ነው። አምና በእናትሽ ሐዘን ምክንያት ምንም አላቆምንም። ዘንድሮ ፌርሚና "ማን ይከሰናል፣ አንተው አስተኛው" አለችኝ። እምቢ አልኳት። ከአንቺ ወዲህ በዚህ መንደር የተወለደ የለም። ስለዚህ ግርግሙ ባዶውን ይቆያል። ዋዜማው ይለፍ፣ የሰብአ ሰገል ነገሥታትም በዓል ይለፍ፣ እስከ ፋሲካም ቢሆን አላፈርሰውም።

ይህን የምጽፈው ነይ ለማለት አይደለም፤ ሥራ እንዳለብሽ አውቃለሁ። አውቶቡሱ ግን ማክሰኞና ዓርብ እስከ ድልድዩ ይመጣል። እኔም በነዚያ ቀናት እስከዚያ ወረድ ማለት ለምጃለሁ።

ልብስ ደርቢ። እመቤታችን ከእቅፏ አታውጣሽ።

አባትሽ ኤቬሊዮ