ቢጫዋን መኪና ነጭ አትቀቧት

ዛሬ እሑድ ታኅሣሥ 27 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ባሕር ዳር ከሐይቁ ዳር ባለችው ቤቴ፣ እኔ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ አዘዘ ይህን የመጨረሻ ቃሌን ስማቸው ከታች በሚጻፈው ምስክሮች ፊት እናገራለሁ። ጎረቤቴ አቶ ገብረ መስቀልም እኔ እንዳልሁት ይጽፋሉ፤ ማሳመር አልጠየቅኋቸውም። እግሮቼ አብጠዋል፣ ትንፋሽም ያጥረኛል፤ አእምሮዬ ግን ደኅና ነው። የሚጠራጠር ካለ አሁኑኑ ይጠይቀኝ። ከሞትሁ በኋላ "አሮጊቷ ቃዥታ ነው" ቢባል መልስ መስጠት አልችልምና።

ከዚህ በፊት የተናገርሁት ኑዛዜ የለም፤ ቢገኝም በዚህ ተሽሯል። ዕዳ የለብኝም፤ የሰው ዕቃም በእጄ የለም።

አንደኛ፦ መንግሥት የተወልኝን ይህን አንድ ቤት ከነግቢው ለልጄ ለእሌኒ ደሞዝ ሰጥቻለሁ። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሥራዋን ጨርሳ ስትወጣ ድካሟን ሳትቆጥር መጥታ እግሬን የምታሸኝ እሷ ናት። ወንድሟ ክንዱ መምህር ነው፣ ደመወዝ አለው፣ ቅር አይበለው። የማንጎው ዛፍ ፍሬ ግን የሁለታችሁም ነው። እሌኒ፣ ወንድምሽ ሊለቅም ሲመጣ በሩን እንዳትዘጊበት፤ አውቅሻለሁ።

ሁለተኛ፦ ለልጄ ለክንዱ ደሞዝ የአባቱን የእጅ ሰዓት፣ ሬዲዮኑንና ካፖርቱን ሰጥቻለሁ። ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቀራል። አታሠራው፤ አባትህም ወደ ቤቱ የሚመጣው በዚያ ሰዓት ነበር፤ እኔም በዚያው ለምጄዋለሁ።

ሦስተኛ፦ ስለ መኪናይቱ። ዋናው ነገሬ ይህ ነው፤ ምስክሮቼ እንዲገባችሁ ከሥሩ ልንገራችሁ።

በ1956 ዓ.ም. ፈረንጆች ፊልም ሊሠሩ ወደዚህ መጡ። የእኛ ከተማ ሰው ፊልሙን እስከ ዛሬ "የታንኳው ፊልም" ይለዋል። አንዲት ሙሽራ ከሠርጓ አምልጣ፣ ትንሽ መኪናዋን በታንኳ አስጭና ጣናን ስትሻገር ያሳያል። ያች መኪና የባሌ የደሞዝ ሴይቼንቶ ፊያት ነበረች፤ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ የሆነች፣ ሲያዩዋት ደስ የምትል። ታንኳ ሠሪዎቹ ያንን ሁሉ ታንኳ ጎን ለጎን አሰሩት። እጃቸው ይባረክ! ሚስማር የለ፣ ብረት የለ፤ በደንገል ገመድ ብቻ መኪና በውኃ ላይ አቆሙ። ፈረንጆቹ አፋቸውን ይዘው ቀሩ፤ እኔም እስከ ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል።

ተዋናይቱ ግን ሐይቁን ስታይ ፈራች፤ አልፈርድባትም። መሪ መያዝ የምታውቅ ሴት ሲፈለግ ደሞዝ ደረቱን ነፍቶ ወደ እኔ ጠቆመ። መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነበር፤ ለዚህም ሰው ብዙ ብሎታል። የሙሽራዋን ልብስና ባርኔጣ አጥልቄ ገባሁ። በፊልሙ ላይ ከጀርባዋ የምትታየው፣ መሪውን የያዘችው ሴት እኔ ነኝ። በመጨረሻ ከሚወጡት ስሞች መካከል ፀሐይወርቅ የሚል የለም። ሰው ሁሉ "ያች ፈረንጅ እንዴት ያለች ደፋር ናት!" ሲል ከጎኑ ተቀምጬ ሰምቻለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የጎንደር መንገድ ከብቶች ለትንሽ መኪና ድምፅ አንለቅም ቢሉት፣ ደሞዝ ከተበላሸ የጭነት መኪና ላይ ክላክስ ፈትቶ ለሴይቼንቶዋ ገጥሞላት ነበር። ሐይቁ መካከል ስንደርስ ፊልሙን የሚያሠራው ፈረንጅ "ንኪው" አለ፤ ነካሁት። የወፉ ሁሉ መንጋ ከውኃው ላይ ተነሣ፤ ከቀዛፊዎቹ አንዱ ዘሎ ሊገባ ምንም አልቀረው። ፊልሙ እዚህ በታየ ጊዜ ሰው ለሙሽራዋ አላለቀሰም፤ ለዚያ ክላክስ ግን ሆዱን ይዞ ሳቀ።

በዓመቱ እኔ ታምሜ ከሰው ተራ ወጣሁ። ክንዱ ገና ጡት አልጣለም ነበር። ደሞዝ ለቅዱስ ሩፋኤል "እሷን ማርልኝ፣ የምወዳትን መኪናዬን እሰጥሃለሁ" ብሎ ተሳለ። ዳንሁ። ለማንም ሳይናገር መኪናይቱን በእነዚያው ሰዎች ታንኳ አስጭኖ፣ የሩፋኤል ገዳም ወዳለባት ደሴት ወሰዳት። ያየው ሰው ሁሉ ሌላ ፊልም የሚቀረጽ መስሎት ካሜራውን ሲፈልግ ዋለ እንጂ ምን እንደ ሆነ የጠየቀ አልነበረም።

"መኪናይቱስ?" ብለው "ለባለቤቷ ሰጠኋት" አለኝ። ሸጣት ብዬ አኮረፍሁ፤ ለዓመታት በነገር ስወጋው እየሳቀ ያልፈኝ ነበር። ስለት አይወራም ብሎ አፉን እንደ ዘጋ በ1970 ዓ.ም. አረፈ። ደሞዝ፣ ይህን ያህል እየወደድኸኝ ያን ሁሉ ንዝንዝ ለምን ዝም ብለህ ቻልኸው? ስንገናኝ ትመልስልኛለህ።

ከተማዋ አደገች፤ ከየአገሩ ለሥራ የመጣው ሰው መኪናይቱን የሚያውቃት በፊልሙ ብቻ ሆነ። ፊልሙ ደግሞ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ነጭ ናት ብሎ አመነ። ባለፈው ዓመት ጎርጎራ አንዲት ነጭ ሴይቼንቶ ተገኘችና ክንዱ ያለበት የኤግዚቢሽን ኮሚቴ "የታንኳው ፊልም መኪና" ብሎ ሪባን አሰረላት። እሌኒ "የኛ ቢጫ ነበረች" ብትል "ልጅ ነበርሽ" ተባለች። እኔንማ ማን ይጠይቀኛል?

አንድ ቀን የገዳሙ አባ ወልደ ሐዋርያት ጧፍ ሊገዙ ከተማ መጥተው እኔ ዘንድ አረፍ አሉ። ክንዱ የጎርጎራዋን ሲያወራ ሰምተው፣

"የደሞዝ መኪና እኮ እርስዎ ሲድኑ በስለት ገብታ እኛ ዘንድ ናት፤ እርስዎ አያውቁም ኖሯል?" አሉኝ።

እንባዬን ስጠርግ አባ ደንግጠው "ምን አጠፋሁ?" ይላሉ።

በሳምንቱ ሄድን። ደሴቲቱ ሴት የማትረግጣት ናት፤ ስለዚህ ታንኳዬ ከዳር ጥቂት ራቅ ብላ ቆመች። ክንዱ ቁልፉንና ባትሪ ይዞ ወረደ። ቁልፉ ከእኔ ቁልፎች ጋር ታስሮ የኖረ ነው፤ ደሞዝ ቆልፎ ሲሰጣት ረስቶት ይሁን አውቆ ይሁን እንጃ። መነኮሳቱም "የተዘጋ አይከፈትም" ብለው አንድ ቀን በሯን ነክተው አያውቁም። ጎማዎቿ እንዳይበሰብሱ በእንጨት ላይ አንሥተው፣ የሣር ክዳን ሠርተውላት፣ በየዓመቱ በሩፋኤል ቀን አቧራዋን ያራግፉላት ነበር። መንዳት ለማያውቁ፣ መንገድም ለሌላቸው ሰዎች ይህን ያህል መጠንቀቅ! እኔ እንዲህ ያለ አደራ ጠባቂ አላየሁም።

ዛፉ ጋርዶኝ አላየኋትም። ክንዱ ከወዲያ ጮኸ፤

"እማዬ! አይደለችም! ቢጫ ናት!"

"አንተ! እሷው ናት! ክላክሷን ንካው!" አልሁት።

ባትሪውን ሲያስሩ ቆዩ። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ። ያው የጭነት መኪና ድምፅ፣ ያው! የውኃ ወፉ፣ ይብራው ሁሉ ከውኃው ተነሣ፤ ታንኳ ቀዛፊዬ ዘንጉን ጣለ። እኔ "እሰይ! እሰይ! ደሞዝ!" ስል አባ ወልደ ሐዋርያት ከዳር ቆመው አማተቡ። ክንዱ ሲመለስ ጉንጩ እርጥብ ነበር፤ ውኃ ነው አለኝ፤ ይሁንለት።

እንግዲህ ክርክሩ ይህ ነው። ኮሚቴው "እንደ ፊልሙ ነጭ ካልሆነች አንቀበልም" አለ። ክንዱም ከጥምቀት በኋላ ከደሴቲቱ አውጥቶ፣ ነጭ ቀብቶ ሊያስረክባቸው ቃል ገብቷል። "እማዬ፣ እውነተኛዋ እሷ ናት፤ ግን እውነተኛዋን መምሰል አለባት" ይለኛል። ልጄ፣ ተምረህ ይህን ተናገርህ? በፊልሙ ላይ ከዳር ቆሞ የሚታየው አባትህም አመድ መስሏል፤ መቃብሩን ከፍተህ አመድ ልትነሰንስበት ነው?

አባ ደግሞ "ስለቱ የተሰጠው ስለ እርስዎ ሕይወት ነው፤ እርስዎ ካላሉ ማንም አይነካት፤ እርስዎ ከፈቀዱ ግን አንከለክልም" ብለውኛል። ስለዚህ ነገሩ በእኔ አንደበት ላይ ነው፤ እኔም አልፈቀድሁም። መኪናይቱ ለሩፋኤል እንደ ተሰጠች፣ በቢጫ ቀለሟ፣ ባለችበት ትኑር። ማየት የሚሻ እዚያው ሄዶ ይያት። የጎርጎራዋ ሪባኗን ይዛ ትኑር፤ አልቀናባትም። እኔ የሌላ ሴት ስም ተሰጥቶኝ ታይቼ ቀርቻለሁ። እሷ ግን ራሷን መስላ ትቅር። ይህን የምለው ለብረቱ ብዬ ብቻ አይደለም፤ ባሌ እኔን ያተረፈባት በዚያ ቀለሟ ነው።

አራተኛ፦ ቁልፉን ለክንዱ ሰጥቻለሁ። ለእሌኒ እንዳልሰጣት ደሴቲቱን መርገጥ አትችልም። ደግሞም ክንዱ፣ የምትጣላባትን ነገር ባስጠብቅህ ይሻላል ብዬ ነው። በየዓመቱ ጳጉሜን 3 ቀን ሄደህ አቧራዋን አራግፍ፤ ክላክሷንም አንድ ጊዜ ንካ። እሌኒና ልጆቿ እኔ በነበርሁበት በታንኳ ላይ ሆነው ይስሙ። ከኮሚቴው ፊት ቃልህን ማጠፍህ እንደሚያሳፍርህ አውቃለሁ፤ በእናቴ ኑዛዜ ታሰርሁ በላቸው፤ ጥፋቱን በእኔ ላይ ጣለው።

አምስተኛ፦ ክንዱ ገዝቶ ከአልጋዬ ሥር ያስቀመጠው ነጭ ቀለም አለ። የማላውቅ መስሎት ነው፤ ሽታው ግን ሌሊቱን ሙሉ አያስተኛኝም። እሱም ቢሆን ያለ ሥራ እንዳይቀር ተናዝዤበታለሁ፤ መቃብሬን ቀቡበት። ነጭ የሚያምርበት እሱ ነው።

ይህ ቃል ለእኔም ለምስክሮቹም ድምፅ ከፍ ተደርጎ ተነብቧል፤ ያልሁት ነው፤ የተጨመረም የተቀነሰም የለም። በገዛ እጄ ፈርሜያለሁ።

ፀሐይወርቅ አዘዘ (ፊርማ)

እኛም ምስክሮች፣ ተናዛዧ አእምሮዋ ደኅና ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድዳት ስትናገር ሰምተን፣ ሲነበብም አብረን ሆነን ፈርመናል።

መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ (ፊርማ)
አቶ ሣህሉ አምባቸው (ፊርማ)
ወይዘሮ የብርጓል ወልደ ዮሐንስ (የጣት አሻራ)
አቶ ገብረ መስቀል፣ ጸሐፊና ምስክር (ፊርማ)

ክንዱ ደሞዝ ወራሽ ስለ ሆነ በምስክርነት አልፈረመም። ሲነበብ ግን በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አምስተኛው ሲነበብ ገብቶ ቀለሙን ከአልጋው ሥር አወጣና ወደ ግቢ ወሰደው፤ ተመልሶም የእናቱን እጅ ስሞ ቁልፉን ተቀበለ። ይህም በተናዛዧ ትእዛዝ ተጻፈ።